ተራ ቁጥር አንድ

እኔና ጌትነት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ በርበሬ መቀንጠስ ነው። የፍኖተ ሰላም የጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ አርፋ ነበር። እሱ አንድ ዛላ ቀንጥሶ ሁለት ጊዜ ያነጥሳል፤ እኔ "ይማርህ" እያልኩ እስቃለሁ። ስንጨርስ እጁን ታጥቦ እንደ ወትሮው ክንዱን ዘረጋልኝ። የደም ግፊቱን ለክቼ ቁጥሩን ነገርኩት።

"ከትናንቱ ይሻላል" አለ።

አይሻልም ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው።

በርበሬው እስካሁን አልተፈጨም። ትናንት ላስፈጨው ብዬ ጆንያውን ከቁም ሣጥኑ ጎን ስጎትት፣ ከኋላው አንድ ሰማያዊ ደብተር ወደቀ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። የመጀመሪያው መስመር የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ጠማማ ስርዝ አለበት።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከተጋባን ገና መንፈቅ አልሞላንም። ጌትነት ሕክምናውን ጨርሶ ምርምር የጀመረ ወጣት ነበር። የሚያሳድዳት ጥያቄ አንዲት ናት፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ስለ ምን በልቡ ይሞታል? "ኩላሊት ዝም ብሎ ይታመማል፤ የሚጮኸው ልብ ነው" ይለኝ ነበር። ይህን ለማወቅ ሕመምተኞችንም ጤነኞችንም መርምሮ ማስተያየት ነበረበት። ቅዳሜ ቅዳሜ መዝገብ የምይዝለትና፣ እሱው አስተምሮኝ፣ ግፊት የምለካለት እኔ ነበርኩ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጤነኞቹን ፍለጋ ከቡሬ ወጣ ወዳለ መንደር ሄድን። መንገዱ ግራና ቀኝ ኑግ አብቦ ቢጫ ነበር። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ስመኝ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው በግቢያቸው ተቀበሉን፤ ትኩስ የድንች ቅቅልም ቀረበልን።

"እኔ ምለው የኔ ልጅ" አሉ፣ "ደኅና ሰው ምን ሊሆን ይመረመራል?"

"አባቴ፣ ደኅናውን ሳላይ የታመመውን በምን አውቀዋለሁ?"

ባለቤታቸው ጠላ ይዘው መጡ። ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። አያ ስመኝ ይህን አይተው ፈገግ አሉ።

"አየህ? ጠላ እንኳ የቀዳው ሳይቀምስ አይጠጣም። አንተ ደማችንንና ሽንታችንን ልትቀዳ መጥተህ፣ ሳትቀምስ?"

"ይቅመስ! ይቅመስ!" ብሎ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እሱም እየሳቀ ክንዱን ሰጠኝ። ግፊቱ ከፍ ያለ ሆነብኝ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ብልቃጧን ይዞ ከአጥሩ ጀርባ ደርሶ መጣና ቢጫዋን የመመርመሪያ ወረቀት ነከረ። ሽንት ውስጥ መኖር የሌለበት ነገር ካለ ወረቀቷ አረንጓዴ ትሆናለች። እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነች። ሌላ ነከረ። ያችም እንደዚያው።

"እህሳ?" አሉ አያ ስመኝ።

ደኅና ነኝ ቢል ማን ያውቅበታል?

"አባቴ፣ እኔስ ከደኅኖቹ አይደለሁም መሰለኝ" አለ።

ሳቁ ቆመ። አያ ስመኝ ብዙ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ክንዳቸውን ዘረጉ። "የራሱን ክፉ ያልደበቀ የኛን አይደብቅም። በል ያዝ።" መንደሩ ከኋላቸው ተሰለፈ።

ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ማንኩሳን እንዳለፈ፣ ደብተሩን ከጭኔ ላይ አንሥቶ ገለጠው። ተራ ቁጥር አንድ፣ ጌትነት። ውጤት፣ "ደኅና"።

"ይህን ሰውዬ ማን አዳነው?" አለኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የኑጉ ቢጫ በእንባዬ ውስጥ ተደፈራረሰ። "ባሌን ከሕመምተኞች ጋር አልጽፍም" አልኩት።

"እነዚያ ሰዎች ክንዳቸውን የሰጡን እውነቱን ሰምተው ነው። አንዱን በፍቅር ካዳንሽው የቀረውን መዝገብ ማን ያምነዋል?" ብዕሩን እጄ ላይ አኖረ። "አንቺው ሰርዢው።"

ሰረዝኩት። መኪናው ይዘል ስለ ነበር ስርዙ ጠመመ።

ጥናቱን ጨረሰ፤ ጨው ተውን፤ ብዙ ዓመትም ኖርን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ዳገት እንቢ አለው፤ ቀጥሎ ተጋድሞ መተኛትም እንቢ አለው። ጥናቱ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል ነው የመጣው። ሐኪም እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም፤ ጥናቱን በእጄ የገለበጥኩለት እኔ ነበርኩ። ያ ውሸት የማያውቅ ሰው በመጨረሻው ሳምንት፣ እጁ ገና በርበሬ በርበሬ እየሸተተ፣ ለእኔ ብሎ አንድ ጊዜ ዋሸ። እኔም "አዎ፣ ይሻላል" አልኩት። ብዕር የሚያቀብለን ሰው አልነበረም።

ትናንት በዚያ መስመር ጫፍ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ "ዐረፈ" ብዬ ጻፍኩ።

እሱ ካረፈ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእሱ መለኪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የጎረቤቶቼን ግፊት እለካለሁ። መጀመሪያ የራሴን እለካና ቁጥሩን ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ።