የድልድዩ ጠባቂ ድምፅ

እስቲ ይህን ብጣሽ ወረቀት እዩት። በእርሳስ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭነው ጽፈውበታል፦ «የታል ድምፄ?» ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ትኬት ቆራጭ ናቸው፤ የጻፉትም ለልጃቸው፣ ለመጋረጃ ሰፊዋ ነው። ልጅቱ ወረቀቱን ከስፌት መኪናዋ ሥር ወሽቃዋለች።

ሴትዮዋ መጋረጃ ሰፍታ ታድራለች። በተረፋት ሰዓት ደግሞ፣ ዘንዶና ጠንቋይ በሞላበት፣ ተራራ ወጥታችሁ ወንዝ ተሻግራችሁ እንዳሻችሁ በምትዞሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ሞድ ትሠራለች፤ ጨዋታው የሌለውን ነገር ሠርታ ትጨምርበታለች ማለት ነው። ማንም አላስተማራትም። የጀግናውን ካባ አይታ «ይሄን የሰፋው ሰውዬ መርፌ ነክቶ ያውቃል?» ብላ በንዴት ነው የጀመረችው። የጨዋታ ልብስም እንደ እውነተኛው ተዘርግቶ፣ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ እንደሚሠራ የገባት ዕለት ማን ይቻላት!

ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሞች የአባቷ ማንቁርት መውጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖራቸውም አሉ። ቀዶ ጥገናው አሥር ቀን ሲቀረው አባቷን የጨርቅ ጥቅል በተደረደረበት ጓዳ አስቀመጠቻቸው፤ ጨርቅ ማሚቶ ይውጣል። ማይክሮፎኑን ካልሲ አለበሰችው።

«ምን ልበል?» አሉ።

«አባዬ፣ እርስዎ ድልድይ ጠባቂ ነዎት። ጀግናው ሰይፍ ታጥቆ መጣ።»

«ታዲያ ይሰለፋላ!»

«ዘንዶ ገድሎ እኮ ነው የመጣው።»

«ቢገድልስ? እኔ ስንቱን ዘንዶ ከአውቶብስ አውርጃለሁ!»

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ንግግር ቀዱ። «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ ጀግና ሁሉ ጠጋ!» «ሰይፍህን ሰብሰብ አድርግ፣ የሰው ዓይን እንዳታወጣ!» «ዘንዶ ብትገድልም ተራህን ጠብቅ!» ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞተር ጩኸት ላይ የሠለጠነ ጉሮሮ ነው፤ የጓዳው በር ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ቤቱ ጭር አለ።

ይህን ድምፅ ለድልድይ ጠባቂው ሰጥታ ሞዱን ሠርታ ጨርሳ ሞድ የሚለዋወጡበት ድረ ገጽ ላይ አወጣችው። ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ጀግናዋን ወደ ድልድዩ ትወስዳለች፤ አባትየው ከጎኗ ተቀምጠው የገዛ ስድባቸውን እየሰሙ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል።

የእሷንም ጥፋት መሸፈን አይገባም። የቀዳችውን ሁሉ ያስቀመጠችው እዚያው የጨዋታው ማህደር ውስጥ ነበር። የሰውን ሞድ በላይ በላዩ ስትጭን ጨዋታው ተወሳሰበ፣ አልነሣም አለ። ጠርጋ አጠፋችውና እንደ አዲስ ጫነችው። የጨዋታ ማህደር ጎተራ እንዳልሆነ ሞድ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። «ግድ የለም፣ ድረ ገጹ ላይ አለ» አለች። ላም አለኝ በሰማይ!

ድረ ገጹን ስትከፍት ገጿ የለም። «ከሌላ ሥራ የተቀዳ ስለሆነ ተሰርዟል» ይላል። ከማን ነው የተቀዳው? «ሰብሳቢው» ከሚባል ሰው! ይህ ሰው የሌሎችን ሞድ በአንድ ጥቅል አስሮ «አንዴ ተጫኑ፣ ሁሉም ይገባል» እያለ የሚያድል ነው። የእሷንም ወሰደ፤ ስሟን ፋቀ፤ የአባቷን ድምፅ አውጥቶ የማሽን ድምፅ ከተተበት፤ ቀድሞም ሌባ ናት ብሎ ከሰሳት። የድረ ገጹ ዳኞች ማን ቀድሞ እንዳወጣው ቀኑን እንኳ ሳያመሳክሩ ሰረዟት፤ ስትጮህባቸው «ከእኛም ዘንድ ጠፍቷል» አሏት። ዓይን ያወጣ ሌብነት የሚሉት ይሄ ነው! እናንተስ? የማንን እጅ ሥራ እንደምትጭኑ ሳታዩ ከጥቅሉ ሥር «እናመሰግናለን አለቃ» ብላችሁ የጻፋችሁ?

«የአባቴን ድምፅ መልስልኝ» ብላ ለሰብሳቢው ጻፈችለት።

«እህቴ፣ የሽማግሌው ጩኸት ጆሮ ይበሳል። ካልሲ ውስጥ የተቀዳ ነው የሚመስለው። እኔ አሻሻልኩት እንጂ አልሰረቅኩም። የድሮውን ጥዬዋለሁ።»

«ካልሲ ውስጥ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!» ብላ ስትጮህ መጋረጃ ልታስለካ የመጣች ደንበኛ በርግጋ ወጣች።

አባትየው ግን ጠዋት እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ስበው ቁጭ አሉ። ምን ታድርግ? የሰብሳቢውን ጥቅል ጫነችላቸው። ጀግናው ድልድዩ ጋ ደረሰ። ጠባቂው ቅቤ በተቀባ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡር ጀግና፤ ይለፉ» አለ። ሽማግሌው ስክሪኑን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እርሳስ አነሡ። «ይሄ ሰውዬ አውቶብስ ላይ አንድ ቀን አይውልም» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ያቺን ጥያቄ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

የአባቷ ድምፅ ያለበትን የመጀመሪያውን ሞድ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው አውርዶታል። እንግዲህ ከእነሱ አንዱ ከሆናችሁ፣ አሁኑኑ ተነሡና የወረዱ ፋይሎች የምታከማቹበትን ማህደር በርብሩ፤ የድሮውን ኮምፒውተርም፣ የተጣለውን ሃርድ ዲስክም። ጫኑትና ድልድዩ ጋ ሂዱ። ጠባቂው «ተራህን ጠብቅ!» ብሎ ከጮኸባችሁ እሱ ነው። እንዳታሻሽሉት፣ እንዳታሳምሩት። እንዳለ፣ ከነካልሲው፣ ላኩላት።