የጋቢናው ሰማያዊ

ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። የመኪናው ጋቢና አሁንም ግራጫ ነው።

መኪና ስል እውነተኛውን ማለቴ አይደለም። ተበታትኖ በካርቶን የሚመጣ፣ ክፍሎቹ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተያያዙ፣ እየቆረጡ፣ እየሞረዱና እያጣበቁ የሚገጣጥሙት ትንሽ የጭነት መኪና ነው። ርዝመቱ ከክንዴ አይበልጥም። ባሌ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሑድ እሑድ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ የሚሠራው እሱን ነበር። ገጣጥሞ ጨርሶ፣ ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚነፋውን ፕራይመር ነፍቶ፣ ሰማያዊውን ቀለም ለመንፋት ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። ዝናቡ ከእሱ በኋላ አባራ።

ሹፌር ነበር። ለብዙ ዓመት ወደ ጉባ ለግድቡ ሲሚንቶ ሲያመላልስ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ከመሪው ወረደና እዚሁ አሶሳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ካርቶን የሰጠው ግድቡ ጋ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው፤ አገሩ ሊገባ ሲል ዕቃውን ለሰው ሲያድል ለእሱ የደረሰው አውሮፕላን ነበር። ባሌ አውሮፕላን አይወድም። ቢሆንም ሠርቶ ጨረሰውና ማንኩሽ ለሚኖር ጓደኛው ሰጠው። እጁ ግን ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ሌላ ካርቶን በሰው ላከለት፤ እሱ ይነዳው የነበረው ዓይነት አሮጌ የጭነት መኪና። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ቀይ ነው። "የእኔ ቀይ አልነበረችም" አለ። የእሱ ሰማያዊ ነበረች፣ ፀሐይ የበላት፣ ወደ አመድ የምታደላ። ፎቶግራፏ የለንም። ቀለሟ ያለው በእሱ ዓይን ውስጥ ብቻ ነበር።

ያንን ሰማያዊ ፍለጋ ቤታችን በሚነፋ ቀለም ቆርቆሮ ተሞላ። አሶሳ የሚገኘው የሚነፋ ቀለም ባጃጅና ሞተር ሳይክል ለሚጠግኑ የሚመጣ ነው። ብረት ላይ ያምራል። ፕላስቲክ ላይ ግን አንዳንዱ ፊቱን አቅልጦ የተቃጠለ ቆዳ ያስመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አይዝም፣ ከደረቀ በኋላ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ስለዚህ ባሌ ማንኛውንም ቆርቆሮ ሲገዛ መጀመሪያ የሚሞክረው የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ነበር። የማንኪያውን ግማሽ ፕራይመር ይነፋዋል፤ ግማሹን ባዶውን ይተወዋል፤ ሲደርቅ በሁለቱም ላይ ቀለሙን ነፍቶ በረንዳው ላይ ከወጠረው ሲባጎ ያንጠለጥለዋል። በማግስቱ በጥፍሩ ይፍቀዋል። ከድሮ ሹፌር ጓደኞቹ አንዱ በመጣ ቁጥር ሲባጎውን ቀና ብሎ እያየ፣ "ሰው ቋንጣ ይሰቅላል፣ አንተ ማንኪያ ትሰቅላለህ። ወጡ መቼ ሊደርስ ነው?" ይለው ነበር። ባሌ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ሳሎናችን ግድግዳው ተላልጦ ቀለም ቅባልኝ ብዬ የለመንኩትን ግን እስከ ዛሬ አልቀባልኝም።

ለፕራይመሩ ደግሞ ከቀለሙ ይበልጥ ይጨነቅ ነበር። ሁለት ዓይነት ነበረው፣ ሁለቱም ግራጫ። አንዱ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የገዛው የብረት ነው። ማንኪያውን ስለበላበት እንደሞላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም። ሌላው ለፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሹፌር ነው ያመጣለት። ፕራይመር ሳይነፋ ቀለም የሚነፋን ሰው ፍሬን የሌለው መኪና ይዞ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ነበር የሚያየው። ሌላ ጊዜ ዝምተኛ የሆነው ሰው የአጥር በር ሲያይ እንኳ "ይሄ ከሥሩ ምንም የለውም፣ ክረምቱን አይዘልቅም" ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜም እንዳለው ይሆናል።

ሰማያዊውን በመጨረሻ ያገኘው ገበያ ውስጥ፣ ከኩርሙክ ማዶ፣ ከሱዳን የሚመጣ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ የበርታ ነጋዴ ዘንድ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ ዐረብኛ ስለሆነ ያነበበለት ነጋዴው ነበር። ማንኪያ ላይ ነፍቶ፣ ሲደርቅ ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ አንዴ አቅርቦ አንዴ አርቆ አየው። ከዚያ ጠራኝና "ይኸው፣ እሷ ናት" አለኝ። እንዲህ ያለውን ፊት በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁበትም።

ወዲያው ያልነፋው በአየሩ ምክንያት ነው። አሶሳ ክረምቱ ረጅም ነው፤ እርጥበት ውስጥ የተነፋ ቀለም ሲደርቅ ወተት እንደፈሰሰበት ይደበዝዛል። በጋው ሲገባ ደግሞ ገበሬው ሣር ያቃጥላል፤ አመዱ ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው ንጹሕ፣ ጥቅምት ላይ። ባሌ እነዚያን ቀናት ነበር የሚጠብቀው። ቆይቶበት የነበረው ሳል በነሐሴ ጠናበት። በመስከረም ቀበርነው።

ለቅሶውን የመራው ባምባሲ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ድንኳኑን የተከለው፣ እንግዳውን የተቀበለው፣ ምግቡ እንዳይጎድል የተሯሯጠው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። በሦስተኛው ቀን ግን ፍራሽ ላይ በተቀመጡት ሴቶች ፊት መደርደሪያውን በጣቱ አመለከተና፣ "ወንድሜን የጨረሰው ይሄ ሽታ ነው" አለ። ሴቶቹ ቆርቆሮዎቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ መጫወቻ ሲሠራ አይውልም ነበር አለች። ዝቅ ያደረገችው እኔ እንዳልሰማ ነው፤ ሰማሁ።

ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ነውም አይደለምም ማለት አልችልም አለኝ። ባሌ ቀለም የሚነፋው ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በጎኑ ተከፍቶ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ነበር፤ እሱም በዓመት ጥቂት ቀን። ሲሚንቶ ግን በየቀኑ ሲተነፍስ ኖሯል፤ ሸሚዙን ሳጥብ ውኃው እንዴት ይደፈርስ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ሲሚንቶውን በዚያ ለቅሶ ቤት ማንም አላነሣም። ሲሚንቶ የተከበረ ሥራ ነው። ጥፋቱ መጫወቻው ላይ ቢሆን ለሁሉም ይቀላል።

ጋሼ ሊሄድ ሲል፣ "ይሄን መርዝ አውጥተሽ ጣዪው" አለኝ። አልጥለውም አልኩት። በትዳር ዘመኔ ሁሉ ለእሱ ቃል መልሼ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ጥቅምት በጥቁር ልብስ አለፈ። ሰው እየገባ እየወጣ ቆርቆሮ ማንሣት አልሆነልኝም። ለራሴ ግን ቆረጥኩ፤ ሙት ዓመቱ ይውጣ፣ ጥቁሩን ላውልቅ፣ ከዚያ ዝናቡ እንዳባራ ጋቢናውን ራሴ እነፋዋለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ እጄ ከጠመኔ ሌላ ነገር አያውቅም። ሆኖም ለዓመታት አጠገቡ ተቀምጬ ደብተር ሳርም አይቼዋለሁ። ቆርቆሮውን ብዙ መነቅነቅ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ማራቅ ነው፤ አንድ ቦታ ሳይቆሙ በስሱ አልፎ ማድረቅ፣ ደግሞ ማለፍ ነው። እሱ አልሆኑም ብሎ የተዋቸውን ቀለሞች አውጥቼ ማንኪያ ላይ ተለማመድኩ። መጀመሪያ አንጠባጠብኩ፤ ቆይቶ ተሻለኝ። የኩርሙኩ ሰማያዊ ግን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ አልነካሁትም። ሳነሣው ይከብድ ነበር፤ ለጋቢናው ተርፎ ይበቃል።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጋሼ ለመቃብሩ የብረት አጥር አሠራ። በያጁን የመረጠውም፣ ከባምባሲ እየተመላለሰ ያስተከለውም እሱ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለሁ መጥቶ ቁልፍ ከጎረቤቴ ተቀብሎ ቤት ገብቶ እንደነበር ማታ ነገረችኝ። መሰላል ፈልጎ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሙት ዓመቱ ጠዋት ያካፋ ነበር። ጸሎቱ ተደርሶ ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ ወደ መቃብሩ ሲያመራ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ገና ሳልደርስ በሰው ትከሻ መካከል አየሁት። ፀሐይ የበላው፣ ወደ አመድ የሚያደላ ሰማያዊ። ቀርቤ ሳየው ብረቱ ላይ በየቦታው አንጠባጥቦ እንደ እንባ ወርዷል፤ እርጥበቱ አደብዝዞታል፤ ከሥሩ የብየዳው ጥቀርሻና ዝገቱ ይታያል። ምንም ፕራይመር አልነካውም። እሪ አልኩ። ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ፤ አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ሁላችንም ሟች ነን አሉኝ። ለባሌ ያለቀስኩ መስሏቸው ነው። ለእሱ እንዲህ ጮኼ ያላለቀስኩትን ለቀለም አለቀስኩ ብዬ ለማን እነግራለሁ?

ጋሼ አጠገቤ መጣ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

"አየሽ፣ የሚወደውን ቀለም ቀባሁለት" አለኝ።

"ጋሼ፣ መርዝ ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ለብረት ምን ያደርገዋል?"

"መኪናውን ልጨርስበት ነበር።"

ዙሪያውን አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ደግሞ፣ ሰው ይሰማሻል። ሰማያዊ ሰማያዊ ነው። ሌላ ገዝተሽ ቀቢው።"

ቤት ስገባ ቆርቆሮው በቦታው ቆሟል፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ በጨርቅ ተጠርጎ። እንደ ጨዋ ሰው የወሰደውን መልሷል። አነሣሁት፤ ቀለለኝ። ነቀነቅሁት፤ ቀለሙን የምታማስለው ኳስ ብቻ ውስጡ ተንኳኳች።

በማግስቱ ባዶውን ቆርቆሮ ይዤ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። ኡስታዛ ነው የሚለኝ፣ አስተማሪ ለማለት። ቆርቆሮውን አገላብጦ አየውና አወቀው። ከማዶ ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ዕቃ አይመጣም አለኝ፤ ፋብሪካው ራሱ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ከወንበሩ ተነሥቶ የቀረውን ሁሉ እያወረደ አሳየኝ። "ወላሂ ኡስታዛ፣ እሱ ቀለም የለችም" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። "ሌላ ሰማያዊ አለ። ያንተ ባል ግን ሌላ አይፈልግም ነበር። አላህ ይርሐመው።"

ሌላውን ሰማያዊ ገዛሁ። ከዚያም ሌላ፣ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ሁሉ እያስመጣሁ ደግሞ ሌላ። ማንኪያ ላይ ነፍቼ፣ የኩርሙኩን ሰማያዊ በነፋበት በእሱ ማንኪያ ጎን እሰቅለዋለሁ። አንዱ እንደ አዲስ ባልዲ ያብረቀርቃል። አንዱ የትምህርት ቤት በር ይመስላል። አንዱ ማታ ማታ እሱን ይመስልና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አረንጓዴ ይሆናል። በረንዳው ላይ አሁን ከእሱ ማንኪያ የእኔ ይበዛል። ጎረቤቶቼ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፤ ቀልድ የሚቀልድ የለም።

በቀጣዩ ክረምት አጥሩ መላጥ ጀመረ። ባሌ ቢያየው ኖሮ ወሩን ጭምር ይናገር ነበር። ነሐሴ ላይ ጋሼ ከባምባሲ ደወለልኝ፤ ለቀብር የሄደ ሰው አይቶ ነግሮታል። የወንድሜ መቃብር ዛገ እየተባለ ነው፣ ምን ነካሽ፣ በቅርብ ያለሽው አንቺ አይደለሽ አለኝ። አስቀባዋለሁ አልኩት።

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ ባሌ ማንኪያ በላብኝ ብሎ የተወውን የብረት ፕራይመርና የብርጭቆ ወረቀት በዘንቢል ይዤ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ከሰማያዊው ገሚሱ በእጅ ሲነኩት ይረግፍ ነበር። ያልረገፈውን ፈገፈግሁት። በመጀመሪያ ሰማያዊ ዱቄት ወጣ፣ ቀጥሎ ቀይ ዝገት፣ በመጨረሻ ብረቱ። ጣቴ ደማ። የወደቀውን ሰማያዊ ሰብስቤ ልያዘው ብዬ ጎንበስ አልኩና ተውኩት፤ ከዱቄት ምን ይሠራል? ብረቱን በጨርቅ ጠርጌ ፕራይመሩን በስሱ ነፋሁ፣ አደረቅሁ፣ ደግሜ ነፋሁ። አንድ ቦታ እንኳ አላንጠባጠብኩም። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ቢሆን ምንም አይለኝም ነበር፤ ምንም አለማለቱ ደግሞ ማመስገኑ ነው።

ጋሼ በኅዳር መጣና አብረን ሄድን። ሣሩ መቃጠል ጀምሮ ስለነበር ሰማዩ ጭጋግ ለብሷል። አጥሩን ዞረው፤ በመዳፉም ዳሰሰው።

"ይሄ ግራጫ ነው። አላለቀም እንዴ?"

"አላለቀም።"

"ምን ሆኖ? ሰማያዊ ከገበያ ጠፋ?"

"ሰማያዊማ ሞልቷል፣ ጋሼ" አልኩት።

እጁን ከብረቱ ላይ አነሣ። አመድ እየበነነ መጥቶ አጥሩ ላይ አረፈ፤ ደረቅ ስለሆነ አልያዘም፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ጋሼ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ አጥሩ ደውሎልኝ አያውቅም።