የጋላክሲ ዘለላ ስንቆጥር

ባለፈው ሳምንት ሳል ቢጠናብኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና ባልደረባውን ጠርቶ “አንተስ ምን ይታይሃል?” አለው። የራሱን ሐሳብ አልነገረውም። እኔ ስለ ደረቴ መስጋቱን ትቼ፣ እዚሁ ሀዋሳ የፊዚክስ ተማሪ የነበርኩበትን ዘመን አስታወስኩ።

ታዲያላችሁ፣ የመመረቂያ ሥራችን ሰማይን በራጅ ማየት ነበር። ሳቁ እንጂ! መሣሪያው እኛ ጋ አልነበረም፤ ከምድር በላይ የሚዞር ሳተላይት ያነሣቸውን ሥዕሎች በኮምፒውተር ነበር የምናየው። ብዙ ጋላክሲዎች ተሰባስበው አንድ ዘለላ ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ጋዝ እጅግ ይግልና የራጅ ጨረር ይሰጣል። በሥዕሉ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ተንጣልሎ ከታየ ዘለላ ነው፤ ነጥብ ሆኖ ቁጭ ካለ ሌላ ነገር ነው። ከተሞች መቼ መቼ እንደተቆረቆሩ ካወቅን የአገሩን ዕድገት እናውቃለን፣ ዘለላዎቹም ለሰማዩ እንዲሁ ናቸው ይሉን ነበር መምህራችን። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ እኔና የክፍል ጓደኛዬ ሥዕሎቹን ለየብቻ እናያለን፣ ሳንነጋገር እንጽፋለን፤ አንዷ የሳተችውን ሌላዋ እንድትይዝ።

በመሃሉ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ደረሰ። የሲዳማ ልጅ ሆኜ ጉዱማሌ ሜዳ ሳልወርድ ልቅር? ሦስት ቀን ጨፈርኩ፣ በቅቤ የራሰ የቆጮ ቡርሳሜ በላሁ። ስመለስ መቶ ያህል ሥዕል ቀርቶኛል፤ ማስረከቢያው ደግሞ ነገ ነው። “ላመሳክር” ብዬ የጓደኛዬን ደብተር ተቀበልኩና ቁጭ ብዬ ገለበጥኩ። አይ እኔ!

እሷ ደግሞ ደክሟት ኖሮ ከመሃል ጀምሮ አንድ መስመር ዝቅ ብላ ነበር የጻፈችው። ባዶው ሰማይ ዘለላ፣ ዘለላው ባዶ ሆኗል። የእኔም ዝርዝር ልክ እንደዚያው።

ዓርብ መምህራችን ሁለታችንን ጠሩን። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ስሕተቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት መሆኑን አሳዩንና ሥዕሎቹን በትክክል ያየችው የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁ። እኔ ዓይኔን ሲጥ ሲጥ ወደሚለው ማራገቢያ አነሣሁ። ጓደኛዬ ቀና ብላ “አብረን ነው የሠራነው” አለች።

እንደዚያ ከሆነ ሁለታችንም ከሥራው እንደወጣን ነገሩን። በዚያ ዓመት ምርቃት የለም ማለት ነው። የእሷ ቤተሰቦች ደግሞ ለምርቃቷ ከጎጃም ሊመጡ ስንቅ እያሰናዱ ነበር። ቅዳሜና እሑድ እሷ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም፤ የገደለኝ እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው በር ላይ ጠበቅኳቸውና ሁሉንም ተናገርኩ። ቁልፉን እንደያዙ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“የእሷን ዓይን ሁለት ጊዜ ቆጠርን” አሉ። “ያንቺ ዓይን የታለ?”

የጓደኛዬን መስመር አስተካክለው ወደ ሥራዋ መለሷት። እኔን ከመጀመሪያው ሥዕል እንድጀምር አዘዙኝ። ቢያባርሩኝ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በመስኮቱ የሐይቁ ነፋስ የዓሣ ሽታ እያመጣብኝ፣ ዓይኔ እስኪያነባ አየሁ። ስጨርስ የእኔና የጓደኛዬ ዝርዝር ብዙ ቦታ ላይ ተለያየ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፤ “አሁን ሁለት ሰው አለኝ” አሉ። ጌታ ይባርካቸው፣ ሰው ያደረጉኝ ያን ቀን ነው።

ሥራውን አስረክበን ባጃጅ ስንጠብቅ ጓደኛዬን ለምን “አብረን” እንዳለች ጠየቅኳት።

“ከሥራው ብቻሽን እንዳትወጪ ብዬ ነዋ።”

ማመስገን አፈርኩና “ሞኝ ነሽ” አልኳት። ሳቀች። ከምርቃት በኋላ አገሯ ገባች፣ ስልኳም ውሎ አድሮ አልሠራ አለ። “ሞኝ ነሽ” ማለቴ ምስጋናዬ እንደነበር ገብቷት ይሆን?