ሞት በሌለበት ሙሾ

መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያሉት ቃል ግጥሞች ሁሉ የሌላ አገር ናቸው። ሥልጠና ላይ «ትምህርቱን ከተማሪው ባህል ጋር አያይዙት» ሲባል ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር። እኔ ዘግይቼ፣ ከልጆች ጋር ዴስክ ተጋፍቼ ስማር፣ የእናትሽን ቃል ጻፊ ያለኝ መምህር አልነበረም።

ሰባተኛ ክፍሎቼን ከቤታችሁ ግጥም አምጡ አልኳቸው። ብዙዎቹ ከሬዲዮ የቀዱትን አመጡና መለስኩባቸው። አንዲት ልጅ ብቻ፣ አባቷ ሐይቁ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሬሳው ከነታንኳው የተመለሰባት፣ እናቷ ለቅሶው ላይ ያወረደችውን ጽፋ መጣች፦

ታንኳው ዳር ላይ ቆሟል ገመዱ እንደታሰረ፣
የሚፈታው እጁ ካፈር በታች አደረ።

በዜማው በይው አልኳት።

«ቲቸር፣ ሞት በሌለበት አይባልም» አለችኝ ቀስ ብላ።

አላወቅሁም አልልም። አምባሰል ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በደህና ቀን ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው።

«ከአሥር ነው የሚታረመው» አልኳት። በዜማው አለችው።

በሳምንቱ፣ የአንዲት የክፍል ጓደኛዋ አልጋ ይዛ የከረመች እናት ሞተች። ከልጅቷ ጋር ዴስክ የሚጋራ ጠፋ። ወላጆች ተሰብስበው መጡ፤ ሟርተኛዋን አስወጡልን አሉ። ርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ ቢሮው ጠራኝ። አይዞሽ፣ እኛ ከጎንሽ ነን አለኝ፤ አዝዣት ነው ካልኩ ግን ወላጆቹ በባህል ማስተማሩን ጭምር እንደሚያስቆሙት፣ በፈቃዷ ነው ብል እንደሚሻል መከረኝ። አዝዣት ነው ብል ልጅቷ ትተርፍ ነበር።

ወላጆቹ ፊት ጠየቀኝ። ልጅቷና እናቷ ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ተማሪዎቹ ያቀረቡት ራሳቸው የመረጡትን ነው» አልኩ። አንድም ስሕተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነበር።

ልጅቷ አየችኝ። እናቷ ግን ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እኔ ሙሾ የማወርደው ሰው ሲሞት ነው። አንቺ ለአሥር ነጥብ አስወረድሻት» አለችኝና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። እኔን ርዕሰ መምህሩ ለወረዳው አርአያ አድርጎ ላከኝ፤ ዛሬ የሌሎች ትምህርት ቤቶችን መምህራን በባህል ማስተማርን አሠለጥናለሁ። ለሥልጠና ስመላለስ መንገድ ዳር ዓሣ ስትሸጥ አገኛታለሁ። ስታየኝ፣ ክፍል ስገባ ታደርገው እንደነበረው፣ ብድግ ትላለች። ተቀመጪ እስክላት ትቆማለች።