እንቁራሪቷ ያጠፈችው ቅጠል

ከአገሬ ወጥቼ በምኖርበት በሃይ ማላካል ሰፈር ካለችው ትንሽ ምግብ ቤቴ ጓሮ፣ ዝናብ ካቆረው ኩሬ በላይ ባዘነበለው የኒም ቅርንጫፍ ላይ፣ ሰሞኑን አንድ ጠዋት ነጭ አረፋ ተለጥፎ አገኘን። አብራኝ የምትሠራው አቾል፣ ማን የሳሙና አረፋ ዛፍ ላይ እንደደፋ እያጉረመረመች መጥረጊያዋን ስታነሳ እጇን ያዝኳት። የእንቁራሪት እንቁላል መሆኑን ያወቅኩት፣ ከውሃ በላይ ቅጠል ላይም ሆነ በአረፋ ውስጥ የሚጥሉ እንቁራሪቶች እንዳሉ አባዬ ነግሮኝ ስለነበር ነው።

አባዬ አገር ቤት፣ ማሻ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ ሰው ነበር። አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድና፣ ቅጠሉ ከላይ ተጋጥሞ ፀሐይ በቀጭኑ ብቻ በሚገባበት፣ ግንዱ ሁሉ ክረምት ከበጋ እርጥብ በሆነበት ቦታ፣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ቢጫ እንቁራሪት ያሳየኝ ነበር። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ምስር የሚያካክሉ ክብ መያዣዎች ስላሏት ቅጠል ላይ ተለጥፋ ትውላለች፤ ጊዜዋ ሲደርስ ደግሞ ከውሃ በላይ ያለ ቅጠል መርጣ እንቁላሏን ትጥልበትና፣ ሁለቱን ጠርዝ አጥፋ አጣብቃ ትዘጋዋለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ከስሩ ያለው ኩሬ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላሉ። አባዬ ይህን ሲያይ ሥራውን ረስቶ ስለሚቆም፣ ጎረቤቶቻችን እንቁራሪት ሳያማክር ቀፎ አይሰቅልም እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ጠብ ሲሉ ላያቸው ብዬ አንዱን ቅጠል ቆርጬ ወሰድኩና ከምድጃው አጠገብ፣ ከሳፋ ውሃ በላይ አንጠለጠልኩት። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ የነበረውም አብሮ ደርቋል። አለቀስኩ። አባዬ አልተቆጣኝም፤ እጄን ይዞ ኩሬው ድረስ ወሰደኝና የደረቀውን ቅጠል በሣር አስሮ ወደ ቦታው መለሰው።

«እንጠብቃቸው» አለኝ።

እስኪመሽ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መሞታቸውን እያወቀ ለእኔ ሲል እንደተቀመጠ የገባኝ፣ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

እዚህ ደግሞ ዝናቡ ለቀናት ጠፋና ኩሬው ደረቀ። ሳህን የምናጥብበትን ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞልቼ ከአረፋው ስር አስቀመጥኩ፤ ደንበኞቼ ሳቁብኝ። አቾል በሕይወት ይወጡ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት፤ «እንጠብቃቸው።»

ትናንት ጠዋት ጥቋቁር ጭንቁላዎች፣ ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆች፣ ሳፋው ውስጥ ጭራቸውን እየቆሉ ይርመሰመሱ ነበር። ለአባዬ ልንገረው ብዬ ስልኬን አነሳሁ። አባዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መንገዱ አልሆን ብሎኝ ለቀብሩ እንኳ አልደረስኩም። ጫካውም ተመንጥሮ፣ ኩሬው የቱ ጋ እንደነበረ እዚያው የምትኖረው እህቴ መለየት አቅቷታል። አባዬ በጣም ናፈቀኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩና፣ አቾል ሳህኖቹን በባልዲ ስታጥብ ሄጄ አገዝኳት።