የባቡሩ ሰውዬና የሐዲዱ ሰውዬ

አጥባራ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት አልነበረም። እኔ ካርቱም ሰው ቤት ነው የምሠራው። መዳሜን ለምኜ የሁለት ቀን ፈቃድ አገኘሁና በማለዳ ከምሠራበት ሰፈር ከሳጃና ተነስቼ ባሕሪ ባቡር ጣቢያ ደረስኩ።

የመነሻው ሰዓት አለፈ። ባቡሩ ንቅንቅ የለም። ቲኬት የሸጠልኝን ሰውዬ ጠየቅሁት።

«የኛ ባቡር ዝግጁ ነው። መንገድ የዘጉብን የሐዲዱ ኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ጠይቂ» አለኝ።

የእነሱ ቢሮ ከግቢው ማዶ ነው። ፀሐዩን አቋርጬ ሄድኩ። የሐዲዱ ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ፣ «ሐዲዱ ክፍት ነው፤ የተበላሸው የነሱ ባቡር ነው። ማሊሽ» አለኝ። እዚህ አገር ይቅርታም፣ ተይውም የሚባለው በዚያች ቃል ነው።

ብመለስ ቲኬት ሻጩ እንደገና ወደ ማዶ ላከኝ። ሁለተኛውን ዙር ጨርሼ ስመጣ እህቴ ደወለች። ምጥ ይዟታል። ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። ስንት ዓመት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የታዘዝኩትን ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን እምቢ አለኝ።

«ተነስ፣ አብረን እንሄዳለን» አልኩት ቲኬት ሻጩን በተሰባበረ አረብኛዬ።

«የት?»

«ማዶ። እኔ የናንተ መልእክተኛ አይደለሁም፤ ፊት ለፊት ተነጋገሩ።»

«አንቺ ሐበሺያ፣ ሂጂ ተቀመጪ!»

ይህን ሲል አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ከዕቃቸው ላይ ተነሱ። «እውነቷን ነው። ያላ፣ ተነስ!» አሉት። ባቡር የሚጠብቁት ሌሎቹም ሴቶች ተነሱ። ሰውዬውን ከፊት አስቀድመን ግቢውን ተሻገርን።

ሁለቱ ሲገናኙ ተጯጯሁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «ባቡሩ ሳይነሳ ከዚህ የሚወጣ የለም» አልኩ። ነገሩ ሲጣራ ባቡሩም አልተበላሸም፣ ሐዲዱም አልተዘጋም። አንዱ የሌላውን ስልክ ሲጠብቅ ሁለቱም ሳይደውሉ ረፋዱ አልፏል። ብዙም ሳይቆይ ባቡሩ ጮኸ።

አጥባራ ስደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እህቴ በጎረቤቶቿ እጅ ሴት ልጅ ተገላግላለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ነበሩ። በጭንቋ ሰዓት ግን አልደረስኩላትም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግሥቱ የመመለሻው ባቡር ጭራሽ ቀረ። መዳሜ ደወለች፤ ባቡር እንደቀረብኝ ነገርኳት።

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የባቡሩ ይሁን የሐዲዱ እነሱ ይወቁት። የኔ ግን አይደለም።»

እንዲህ መልሼላት አላውቅም። «ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለች።

«ቅጠሪ» አልኳት። እህቴን አርባ ቀን ሙሉ አረስኳት።