አመድ የነካው የብር ዋንጫ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ክሬሰንት ታውን

ገና ጎህ ሲቀድ ጋሼ ተካልኝ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ሊፍቱ በር ላይ ይጠብቁኛል። ጎረቤቴ ናቸው፤ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ባለ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ጽዳት ይሠራሉ። ዛሬ አለቃቸው ጠርተዋቸዋል፣ እኔ ደግሞ ልተረጉምላቸው ነው።

«ካባረሩኝ በቃ፣ የልጄ ስፖንሰር ቀረ» አሉኝ። ልጃቸው ናይሮቢ ሆና ወረቀቷን እየጠበቀች ነው። አባት ሥራ ከሌለው ኢሚግሬሽን እሺ አይልም።

1 ሰዓት፣ ሰብዌይ

በምድር ውስጥ ባቡሩ ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ወደ ምዕራብ። የመሳፈሪያ ቶክን፣ ዶናት፣ የቀዘቀዘ ቡና፤ ግማሹ ሰው ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ ያንኮራፋል። የተጠሩበትን ጥፋት በዝርዝር የሰማሁት እዚህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ለአሸናፊ ፈረስ የተሰጠ አንድ የብር ዋንጫ አለ። ጋሼ በየሳምንቱ በጨርቅ ይወለውሉታል። ባለፈው ሳምንት እንግዳ ይመጣል ሲባል ጥቁረቱ አሳፈራቸውና፣ ከፓርክ የሥጋ መጥበሻ አመድ ዘግነው በሎሚ ፈተጉት!

«ጋሼ! በአመድ?»

«እናቴ የአንገት መስቀሏን በምን የምታጸዳ ይመስልሻል?»

ዋንጫው አብረቀረቀ። ላዩ ላይ የተቀረጸውና ድሮም ሳስቶ የነበረው የፈረሱ ስም ግን አብሮ ጠፋ። ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

2 ሰዓት ተኩል፣ ሜዳው

ከሰብዌይ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ሌላ አውቶቡስ። መጋዘን፣ አሁንም መጋዘን፣ ከዚያ አረንጓዴ ሜዳና የፈረስ ሽታ። ጋሼ ቆም ብለው አየሩን ሳቡት። አገር ቤት ሳሉ ጃንሜዳ የፈረስ ባልደራስ ነበሩ እኮ!

የጠሯቸው አለቃ፣ የዋንጫዎቹ ኃላፊ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አሮጊት ናቸው። አልተቆጡም፤ እሱ ባሰብኝ።

«ጥቁረቱ ዕድሜው ነበር» አሉ። «ስሙን ደግሞ የትም አልመዘገብነውም። አሁን ማን ይነግረናል?»

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ግን «እስክሪብቶ ስጪኝ» አሉኝ። እንግሊዝኛ አያነቡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን በባዶው ብር ላይ አስኬዱ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጽሑፍ በጨርቅ ሲከተሉት ኖረዋል። ከዚያ ወረቀት ላይ እንደ ሥዕል ሣሉት፤ አንድ ክብ፣ አንድ ቋሚ፣ አንድ ቆልማማ። አንዷን ፊደል ገልብጠዋታል።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አንስተው ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ብራውን ዶሊ!»

«ምን አሉ?»

«የፈረሱን ስም። የሴት ስም ነው፣ ጋሼ።»

«ባዝራ ናት እንዴ?» ዋንጫውን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይቅር በይኝ፣ እመቤቴ።»

«ሰኞ በሰዓታቸው ይግቡ» አሉኝ ሴትዮዋ፤ «አመድ ግን ሁለተኛ እንዳላይ!»

ይህንንም ተረጎምኩ። ጋሼ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ በጣታቸው አሳዩኝና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፤

«ከዚህ ናይሮቢ ይደወላል?»